ሰባ ሰባት እና አርባ ሰባት (ከአንድ ሳህን ድንች የተነሳ ወሬ)



ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ መቐለ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደውላ «መምህር፣ የአገሮች ምግብ የሚቀርብበት ዝግጅት አለን፣ ይምጡና ይቅመሱ» አለችኝ። ጾም አይደለም፤ ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ቅዳሜን ምን ይሠራበታል? ሄድኩ። የጣሊያኑ ጠረጴዛ ጋ ሰው ተሰልፏል (ፓስታ እንኳ እንግዳ ምግብ መሆኑ ከቀረ ቆየ)። የአየርላንዱ ጠረጴዛ ጋ ግን ሁለት ልጆች ብቻቸውን ቆመዋል። አሳዘኑኝና ወደዚያ አቀናሁ።

ሦስት ነገር አቅርበዋል። አንዱ የበግ ሥጋ ከድንችና ከሽንኩርት ጋር የተቀቀለ፤ እርድ የሌለው አልጫ በሉት። ሁለተኛው ያለ እርሾ፣ በሶዳና በአሬራ የሚጋገር ክብ ዳቦ ነው። ላዩ ላይ በመስቀል ቅርጽ ተሰንጥቋል፤ ከሩቅ ሳየው ሕምባሻ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው ኮልካነን ይባላል። ድንች ተቀቅሎ፣ ተደቁሶ፣ ከጎመን ጋር ይለወሳል፤ መሐሉን ጎድጎድ ያደርጉትና ቅቤ ያፈሱበታል። ከዳር እየቆረሱ ቅቤው ውስጥ እያጠቀሱ መብላት ነው። እንዴ! ይሄ ገንፎ አይደለም እንዴ? እኛ ጋዓት የምንለው። «በርበሬስ የለውም?» ብላቸው ልጆቹ ሳቁ።

ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ናት ነገር ያመጣችው። «በ1845 በድንች በሽታ ምክንያት በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ሰው በረሃብ አለቀ» ትላለች። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ብዙ ቦታ እንደዚያው ተጽፎ ይገኛል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ይህችን ዓረፍተ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሳህኔን እንደያዝኩ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ለእናንተም ልድገመው። (የአየርላንዱን ዓመት በፈረንጅ፣ የእኛን በእኛ ነው የምቆጥረው፤ እንዳትደናገሩ።)

መጀመሪያ ነገር፣ ድንች የአየርላንድ አይደለም። ግብርና ያጠናችሁ «አይሪሽ ፖቴቶ» እያላችሁ ከስኳር ድንች ትለዩታላችሁ እንጂ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራራ ነው። የአየርላንድ ድሃ ወደ ድንች የሄደው ጣዕሙን ወዶ አይደለም። መሬቱ የባለርስቶች ነበር፤ አብዛኞቹም ከእንግሊዝ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። እህሉና ከብቱ ተሸጦ ለመሬት ኪራይ ይገባል፤ ለጭሰኛው የምትቀረው ጥግ ላይ ያለች ቁራሽ መሬት ናት። በዚያች ቁራሽ ቤተሰብ የሚመግብ ተክል ድንች ብቻ ሆነ። አንድ የቀን ሠራተኛ በቀን እስከ 6 ኪሎ ድንች ይበላ ነበር፤ ማባያው አሬራ። ከ8 ሚሊዮኑ ሕዝብ 3 ሚሊዮን ያህሉ በድንች ብቻ ይኖር ነበር ማለት ይቻላል፤ ያውም በአብዛኛው ላምፐር በሚባል አንድ ዝርያ። በ1845 መኸር ላይ ዋግ ገባ። ቅጠሉ ጠቆረ፣ መሬት ውስጥ ያለው ድንች በሰበሰ።

እስከዚህ ወረቀቷ ልክ ናት። ግን በሽታው ቤልጅግንም ሆላንድንም መትቷል። እዚያም ሰው ሞቷል፤ የአየርላንድን ያህል ግን አላለቀም። በአየርላንድ ሰው እየሞተ አጃ፣ ቅቤና ከብት በመርከብ ተጭኖ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር፤ እህሉ በወታደር ታጅቦ ወደብ የሚደርስበት ጊዜም ነበር። በ1847 ክረምት መንግሥት የሾርባ ማደያ ከፍቶ በቀን ወደ 3 ሚሊዮን ሰው መገበ። መመገብ ይቻል ነበር ማለት ነው! በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ተዘጋና ሸክሙ በዚያው በደኸየው አገር ግብር ላይ ተጣለ። ኪራይ ያልከፈለ ከቤቱ ተባረረ፣ ጎጆው ፈረሰ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ተሰደደ። የደሴቲቱ ሕዝብ ቁጥር እስከ ዛሬ የዚያን ጊዜውን አልደረሰም። ያንን ዓመት አየርላንዶች «ጥቁሩ አርባ ሰባት» ይሉታል። እኛ «ሰባ ሰባት» እንደምንለው ማለት ነው፤ ክፍለ ዘመኑን መጥራት አያስፈልግም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

የእኛንስ ምን እያልን ነው የምንናገረው? «ድርቅ ነበር።» አዎ ነበር። ግን ጦርነትም ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ፣ ገበያው ተበትኖ። መስከረም 1977 አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር ኮረምና መቐለ መጠለያ ውስጥ ሰው በየሌሊቱ ይሞታል። ጥቅምት 13 ማይክል በርክና መሐመድ አሚን የቀረጹት ፊልም በቢቢሲ ሲወጣ ነው ዓለም የሰማው። ከዚያ በፊት በ1950 ትግራይ ውስጥ ወደ መቶ ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ያኔ ፊልምም አልነበረም፣ ወሬው ታፍኖ ቀረ። በወሎው የ1966 ረሃብ ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን እንደነበር አማርትያ ሴን ጽፎታል። የአየርላንድን መርከብ አስታወሳችሁ?

ያንን የቢቢሲ ፊልም አይተው ከተነሱት አንዱ የደብሊኑ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነው። የዘፈኑ ርእስ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ማለት ነው፤ ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ገናን ለሚያከብር ሕዝብ! ይህን ስነግራችሁ ክፍል ውስጥ የምትስቁት ትዝ ይለኛል። ብቻ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ከሕዝብ ቁጥሯ አንጻር ከሁሉም በላይ ያዋጣችው ያኔ ሀብታም ያልነበረችው አየርላንድ ናት። እነሱ ራሳቸው በ1847 የቾክታው ሕንዶች 170 ዶላር እንደላኩላቸው አልረሱም። ቾክታዎች ከመሬታቸው መነቀል ከጀመሩ ገና 16 ዓመታቸው ነበር።

ወደ ድንቹ ልመለስ። እኛ አገር ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው ይባላል፤ ጊዜው በፈረንጅ 1858። ይህ ሰው ትግራይ ገብቶ ቀርቷል፦ የአገሩን ሴት አግብቶ፣ ከደጃች ውቤ እንጢጮን ተሹሞ፣ ኋላም አድዋ ላይ ሞተ። ድንቹ ግን ለረጅም ጊዜ ፈላጊ አላገኘም። በሰፊው የተተከለው ክፉ ቀን መጥቶ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ የሚያርስ በሬ ከጠፋ በኋላ ነው። እኛም እንደ አየርላንዶቹ ጨንቆን ነው የለመድነው።

በለስም እንደዚሁ ነው። አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ እኛ ጋ ግን በክረምት ጎተራው ሲጎድል ስንቱን ቤት ይዞ ያሻገረ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ለቀለም ምርት ተብሎ ኮቺኒያል የሚባል ነፍሳት መጣ። ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ የደቡብ ትግራይን በለስ ሲያደርቀው አይተናል። የራያ ልጆች፣ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ኮልካነኑ ቀዘቀዘ። ልጆቹ ሌላ ትኩስ ጨለፉልኝና ግማሹን ለባለቤቴ ቋጠርኩላት። ኅዳር 2014 መንግሥት ስለ ትግራይ በያዙት አቋም ምክንያት አራት የአየርላንድ ዲፕሎማቶችን ከአዲስ አበባ ሲያስወጣ እኛ ቤት ድንች በጨው ነበር የሚበላው። ባንክ ተዘግቷል፣ ደመወዝ የለም፣ ዘይትማ ስሙም ተረስቷል። አንድ ጎረቤታችን ከእርሻው ያመጣልን ነበር፤ ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች፣ እሱም ሲገኝ። ያን ጊዜ ያተረፈን እሱ ነው። ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ ድንች አፏ አይገባም። ያመጣሁላትን ከፍታ አየችው፣ ጎመኑን በሹካ ለይታ ቀመሰች፣ ቀሪውን ወደ እኔ ገፋችው። «አንተ ብላው» አለችኝ።

ልጆቹ ወረቀቷን አነሱና «መምህር፣ ምን ብለን እናስተካክል?» አሉኝ። «በድንች በሽታ ምክንያት» የሚለውን ሰርዘን መርከቦቹንና የተዘጉትን የሾርባ ማደያዎች ጨመርን። ከዚያ አንደኛዋ «ለሰባ ሰባትስ የእኛን ጠረጴዛ ብናዘጋጅ ምን ምግብ ይቀርባል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። አንዳንዱን ቅጠል በስሙ አውቀዋለሁ፣ አሠራሩን ግን አላውቅም። እናቴን ሳልጠይቃት ሞተች።

እናትና አባት፣ አያት ያላችሁ ጠይቁልኝ፦ በሰባ ሰባት ምን በሉ? እንዴት ነበር የሚሠራው? በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ እዚህ ሥር ጻፉልኝ። ሰብስቤ ለልጆቹ እሰጣቸዋለሁ።