ሴቶች የተቀመጡበት ማዕድ



እኛ ሴቶች ተሰብስበን ስለ ማዕድ ሳናነሳ አንለያይም። ለዛሬ ከሩቅ አገር፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ካሉት የሃዋይ ደሴቶች፣ የአንድ ማዕድ ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል።

በካዋኢ ደሴት፣ በዋይሉአ ወንዝ አጠገብ፣ የስሚዝ ቤተሰብ እንግዳ የሚቀበልበት ሰፊ የአትክልት ቦታ አለ። ቤተሰቡ ሥራውን የጀመረው ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል በመውሰድ ነበር። በኋላ ሉአው የተባለውን የአገሩን ባህላዊ ግብዣ ጨመረበት፤ ሥራውም ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ ቀጥሏል። እንግዶች ከመብላታቸው በፊት ኢሙ የተባለው የመሬት ውስጥ ምድጃ ሲከፈት ቆመው ያያሉ። በጋሉ ድንጋዮች ላይ፣ በቅጠል ተሸፍኖና ተቀብሮ ለሰዓታት የበሰለው አሳማ ከዚያ ይወጣል።

ሆኖም ይህ ማዕድ ድሮ ለሴቶች ዝግ ነበር። ካፑ በተባለው ሕግ ሴቶች ከወንዶች ጋር አይበሉም፤ የአሳማ ሥጋ፣ ሙዝና ኮኮናትም ክልክል ነበሩባቸው። ሕጉን የጣሰ እስከ ሞት ሊቀጣ ይችል ነበር። የሴቶቹ ምግብ እንኳ የሚበስለው በሌላ ምድጃ ነበር።

በ1819 እ.ኤ.አ. ታላቁ ንጉሥ ካሜሃሜሃ ሲሞቱ ልጃቸው ሊሆሊሆ ነገሡ። የሟቹ ሚስት ካአሁማኑና የወጣቱ ንጉሥ እናት ኬኦፑኦላኒ ሕጉ እንዲቀር ገፋፉ። እናትየው ከታናሽ ልጃቸው ጋር አብረው በሉ። በዚያው ዓመት ንጉሡም በግብዣ ላይ ተነሥተው ከሴቶቹ ማዕድ ተቀመጡና በሉ። ካፑ በዚህ ፈረሰ። ዛሬ ሴትና ወንድ በአንድነት የሚቀመጡበት ሉአው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሉአው የሚለው ስም ራሱ የጎደሬ ቅጠል ማለት ነው። ያ በደቡብ አገራችን የምናውቀው ጎደሬ የሃዋይ ሰዎችም ዋና ምግብ ነው፤ ሥሩን ቀቅለውና ወቅጠው ፖይ ያደርጉታል። ቤተሰብን ኦሃና ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው ከእናቱ ሥር ከሚበቅለው የጎደሬ ቡቃያ ነው።

እኛም የድግስ ምግብ አዘጋጅተን ስንሸጥ፣ «የእናቶቻችንን ሙያ ገበያ ማውጣታችን ነውር ይሆን?» ብለን ተጠያይቀናል። የሸጥነው እንጀራና ወጥ የልጆቻችንን ደብተር ገዝቷልና አናፍርበትም። ነገር ግን ሙያውን ለልጆቻችን ስናስተምር ታሪኩንም አብረን እንንገራቸው። እናቶቻችን ሌላውን አብልተው፣ የተረፈውን ጓዳ ተቀምጠው የቀመሱበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በየቤታችን አብሳይዋም ከማዕዱ ትቀመጥ።