የጠጋኝ አደራ

ትናንት ማታ ታክሲዬን አቁሜ ቤት ዋልኩ። ምክንያቱ ታሪክ ስላለው ልንገራችሁ።

አንድ ሙዚቀኛ ወዳጃችን በ1960ዎቹ የተሠራ የፌንደር ጊታር አምፕሊፋየር ገዝቶ አመጣልኝ። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ይኼ ነገር ያጉረመርማል» አለኝ። ስከፍተው የተቃጠለው ፊውዝ በምግብ መጠቅለያ ፎይል ተጠቅልሏል። ያረጁት ካፓሲተሮች ሳይነሱ አዲሶቹ በላያቸው ተበይደዋል። ገመዱ ባለ ሁለት እግር ነው፤ የመሬት መስመር የለውም።

ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። የተማረው ሂሳብ አያያዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ፉለርተን፣ ካሊፎርኒያ የራዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈተ። የሰው ሥራ ሲፈታ የኖረ ሰው ስለሆነ የራሱን ሲሠራ ጠጋኙን አልረሳም። ሁሉም ነገር ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይደረስበታል። ለባስ ጊታር ብሎ የሠራውን ባስማን ጊታሪስቶች ወሰዱት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ለንደን ውስጥ የከበሮ አስተማሪውና ባለ ሱቁ ጂም ማርሻል ከቴክኒሻኖቹ ጋር ያንኑ ሰርኪዩት ተከትሎ የመጀመሪያውን ማርሻል አወጣ። በ1965 ፌንደር ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

በ1947 ቤል ላብስ ውስጥ የተወለደው ትራንዚስተር ቀስ በቀስ ቲዩብን ከየቤቱ ራዲዮና ቴሌቪዥን አስወጣው። ቲዩብ የሚያውቅ ጠጋኝም አብሮ አነሰ። አምፕሊፋየሩ ግን ቀረ፤ ያገኘው ሁሉ ነካካው።

ይኼ ቀልድ አይደለም። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ይገኛል፤ የጊታሩ ክር ደግሞ ከብረት ሳጥኑ ጋር የተያያዘ ነው። ከኤሌክትሪክ መስመሩ ወደ ሳጥኑ የተዘረጋች አንዲት ካፓሲተር ከተበላሸች ሳጥኑ ራሱ ይነዝራል። በ1972 ጊታሪስቱ ሌስ ሃርቪ ስዋንዚ፣ ዌልስ መድረክ ላይ ጊታሩን እንደያዘ የመሬት መስመር የሌለው ማይክሮፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል።

ፊውዙ ሲቃጠል «ውስጤን እዩ» ማለቱ ነበር። የቀድሞው ጠጋኝ ግን አፉን ዘጋው።

የተጠራቀመውን ቮልቴጅ አፍስሼ አሮጌዎቹን ካፓሲተሮች አነሳሁ። ያቺን አደገኛ ካፓሲተር አውጥቼ ባለ ሦስት እግር ገመድ አስገባሁ፤ ፊውዙንም በትክክለኛው መጠን ቀየርኩ። ትራንስፎርመሮቹ ደህና ስለነበሩ አልነካኋቸውም። መጀመሪያ በመስመሩ ላይ አንድ አምፖል ጨምሬ ሞከርኩት፤ ሾርት ቢኖር አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀር ነበር። ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወዳጃችን አንድ ኖታ መታ፤ ጉርምርምታው የለም። ሁለታችንም ዝም አልን።

ዲግሪዬ መሪ ጨብጦ መኪና ማሽከርከር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ትናንት ግን ሥራ አገኘ። ከመዝጋቴ በፊት የቀየርኩትን ሁሉ ከነቀኑ ጽፌ ውስጡ ለጠፍኩ። ነገ የሚከፍተው ሰው እንደኔ በግምት እንዳይንከራተት።

እቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ ሳታስመረምሩ አትሰኩት። ብትነቅሉትም ውስጡ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያልና አትክፈቱት።

ቸር ያሰማን።