ከዩኒቨርሲቲዋ ቀድማ የተማረች ከተማ

በሰሜን ኢጣልያ የምትገኘውን ፓዱዋን ሊጎበኝ የሄደ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመራው ወደ ዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲውን በ1222 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቦሎኛ የወጡ መምህራንና ተማሪዎች መሠረቱት፤ ጋሊሌዎም ከ1592 እስከ 1610 አስተማረበት። ቆሞ ያስተምርበት ነበር የሚባለው የእንጨት መድረክ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ለእንግዳ ይታያል።

ይህንኑ ልማድ ይዞ ወደ አዳማ የሚመጣ ጎብኝ ግን የከተማይቱን ታሪክ ከመጨረሻው ምዕራፍ ይጀምራል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተከፈተ፤ በ2003 የቴክኒክ መምህራን ኮሌጅ፣ በ2006 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2011 ነው። ከተማይቱ ራስዋ ከአዳማ ወደ ናዝሬት፣ ከናዝሬት ወደ አዳማ ተመላልሳለችና ስም መለዋወጥ ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚያ በፊት የአዳማና የአካባቢዋ መምህር ሥራ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በአዳማ በኩል አልፎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በ1954 ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ በ1962 የሸዋ ፋብሪካ ተከተለ። በመካከሉ፣ በ1960፣ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል ለመስጠት በቃ። ሐዲድ፣ ወፍጮና ተርባይን ባሉበት ሁሉ ደግሞ የሚጠግናቸው እጅ ያስፈልጋል። ይህ እጅ የተማረው ከጥቁር ሰሌዳ ሳይሆን አጠገቡ ከቆመው ባለሙያ ነበር።

የዚህ ትምህርት ምስክር ቋንቋው ነው። በአዳማ ጋራዦች፣ በሌላውም የኢትዮጵያ ከተማ እንደዚሁ፣ ባለሙያው ብረት የሚያስተካክለው በቶርኖ፣ የሚፈታው በካቻቪቴ፣ የሚይዘው በፒንሳ ነው፤ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ ይላል። ቃላቱ ሁሉ ጣልያንኛ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው መምህር ያንኑ ዕቃ በእንግሊዝኛ ስሙ ያስተምራል፤ ተመራቂው ወደ ጋራዥ ሲወርድ እንደገና ስም መማር ይኖርበታል። የጋሊሌዎ አገር ዕውቀት ወደ ስምጥ ሸለቆ የገባው፣ እንግዲህ፣ በመጽሐፍ ሳይሆን በመፍቻ ነው፤ የገባውም በአመዛኙ ከወራሪ ጦር ጋር መሆኑ አይዘነጋም።

በታሪክ መጻሕፍት ኤች ቪ ኤ ይጠራል፤ የካሣው ገንዘብም ይጠራል። ቦይለሩን ሌሊት የጠበቁት፣ የተሰነጠቀውን ቧንቧ የበየዱት ግን እምብዛም አይጠሩም። ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ሥራቸውን አቁመው በአዲስ ተተክተዋል፤ ከ2016 ወዲህም ባቡሩ የሚሄደው በሌላ፣ በኤሌክትሪክ መስመር ነው። ስለዚህ ጎብኝው ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ከመዝለቁ በፊት በወንጂ መንደሮች ከጡረተኞች ዘንድ ጥቂት ቢቀመጥ ይሻላል። ኩሽኔታ ከመሰበሩ አስቀድሞ የሚያሰማውን ድምፅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።