የመኪና አደጋ ካሣና የቀጠሮው ዘመን

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ሁለት ነገሮች ተፈጸሙ። አንደኛው፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሓውንና ተራራውን በማቋረጥ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ማድረሱ ነው። ሁለተኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት በጥር ወር የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ከዚህ ነውር እንዲታቀብ አዋጅ ማስነገራቸው ነው። በጊዜው እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያገናኝ አልነበረም። ዳሩ ግን መኪናው በዝቶ፣ መንገዱም ወደ ሰሜን ተዘርግቶ እንጦጦ ሥር በደረሰ ጊዜ፣ ባለሙያውና ተሽከርካሪው ቀጨኔ ላይ ተገናኙ።

ቀጨኔ የሸክላ ሠሪና የሸማኔ መንደር ነው። ሴቶቹ ጭቃውን አቡክተው ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን ይሠራሉ፤ በእሳት ያበስላሉ፤ በጀርባቸውም አዝለው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶችም ይኸንኑ ተዳፋት ይጋራሉ። ሸክም ያጎበጠው ሰው ደግሞ ከበስተኋላው የሚመጣውን ፈጥኖ ዞሮ ለማየት፣ ዘልሎም ለማምለጥ አይችልም።

የጉዳት ካሣ ለአገራችን ሰው በመኪና የመጣ እንግዳ ነገር አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት ሆን ብሎ የገደለንና ሳያስብ የገደለን ለይቶ ይመለከታል። በየአውራጃው ልማድም ሽማግሎች ተቀምጠው የደም ዋጋ ይቈርጡ ነበር፤ በኦሮሞ ዘንድ ይኸው ሥርዓት ጉማ ይባላል። የዚያ ዳኝነት ዓላማ በቀልን ማብረድ ስለነበረ፣ ሽማግሎች ከምንም ነገር አስቀድመው ጊዜ እንዳይራዘም ይጠነቀቁ ነበር። የዘገየ እርቅ ሌላ ደም ያስከትላልና። በዘመናዊው ሥርዓት ግን በቀሉ ቀረና መዘግየቱ መጣ።

ዘመናዊው ሥርዓት የተመሠረተው በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በአገራቸው በ1925 እ.ኤ.አ. በቤልፎር ከተማ አንዲት ልጅ በጭነት መኪና ተጎድታ፣ ነገሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆይቶ፣ የሰበር ችሎቱ ጉባኤ የመጨረሻውን የሕግ ትርጉም የሰጠው በ1930 እ.ኤ.አ. ነበር። የዣንደር ጉዳይ እየተባለ የሚጠቀሰው ይህ ውሳኔ፣ የተጎዳው ሰው የሾፌሩን ጥፋት እንዲያስረዳ መገደዱን አስቀረ። የእኛም ሕግ በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መሪውን የያዘው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። በቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ «ጥፋት አልሠራሁም» ወይም «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። የሚያድነው ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ መሆኑን ማስረዳት ብቻ ነው፤ በከፊል ከሆነም በከፊል ብቻ ይድናል።

ይህ ድንጋጌ ለመሐንዲስ ኅሊና የሚስማማ ነው። አሥር ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና አንድ መቶ ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ አሥር ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ነጂው ሞተሩን ለመያዣነት ሳይጠቀም በፍሬን ብቻ ቢወርድና ሙቀቱ ሁሉ በአንድ መቶ ኪሎ የፍሬን ብረት ላይ ቢያርፍ፣ ብረቱ ከሁለት መቶ ዲግሪ በላይ ይግላል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው ቃል እንግዲህ ብዙ ጊዜ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን የቁልቁለቱ ጠባይ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ፣ ዕዳው መኪናውን ባሰማራው ላይ መውደቁ ተገቢ ነው።

ሕጉ ይህን ያህል ለተጎጂው ካዘነ፣ ተጎጂው ለምን ዓመታት ይጠብቃል? ምላሹ ያለው በመዝገቡ ጉዞ ላይ ነው። በመጀመሪያ የትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ፕላን ያነሣል፤ ምስክር ይቈጠራል። ቀጥሎ ሐኪም ይመሰክራል። ነገር ግን የተሰበረ እግር ጠግኖ እስኪያበቃ ድረስ ቋሚው ጉዳት ስንት በመቶ እንደሆነ ቦርዱ ሊወስን አይችልም፤ ቶሎ ቢወስንም የሚጎዳው ራሱ ታካሚው ነው። የወንጀሉ ክስ በበኩሉ በዐቃቤ ሕግ በኩል ይሄዳል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተበዳዩ ካሣውን በዚያው ችሎት እንዲጠይቅ በር ከፍቶለት ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በቁጥር 2149 የወንጀሉ ችሎት ተከሳሹን ነጻ ቢያወጣው እንኳ የካሣው ዳኛ በዚያ እንደማይታሰር ይደነግጋል። ስለዚህ ወንጀሉ እስኪያልቅ ብሎ መቀመጥ ሕግ የጣለው ግዴታ አይደለም። ሆኖም ብዙ ሰው ይጠብቃል፤ በዚህ መካከል ቁጥር 2143 የወሰነው የሁለት ዓመት ይርጋ ይሮጣል። ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆን፣ ለወንጀሉ የተወሰነው ይርጋ ረዘም ካለ ያ ይጸናል፤ ይህን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ከጊዜው ይልቅ የከበደው ልኬቱ ነው። ካሣ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል ሕጉ። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው የደመወዝ ማስረጃውን ያቀርባል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ምን ታቀርባለች? ገቢዋ በየገበያው ቀን የሚለዋወጥ፣ ዝናብ ሲበዛ የሚቀንስ፣ በማንም መዝገብ ያልተጻፈ ነው። ጉልበቷ ከታጠፈላት ጭቃ ልትረግጥ፣ ሸክም ልታዝል አትችልም፤ እጆቿ ግን ደኅና ስለሆኑ የአካል ጉዳቷ በመቶኛ ሲሰላ ትንሽ መስሎ ይታያል። ቁጥር 2102 ልኩ በትክክል ሊታወቅ ያልቻለን ጉዳት ዳኛው በርትዕ እንዲቈርጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። ርትዕ መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን የባለሙያዋን ቀን ዋጋ ያለማወቅ ደግሞ የድሮውን ንቀት በሌላ በር ማስገባት ነው። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለውም በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሕጉ በወጣበት ጊዜ ይህ ገንዘብ ወደ አራት መቶ የአሜሪካ ዶላር ይመነዘር ነበር። ብሩ ሲወድቅ ቁጥሩ በነበረበት ቆሞ ቀረ።

የተፈረደው ገንዘብ ከማን ኪስ ይወጣል የሚለውም ሌላ ጥያቄ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የመድን ኩባንያዎች ተወረሱና ሥራው ለኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተሰጠ፤ እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስም ሌላ መድን ሰጪ አልነበረም። መድን ለሌለው ባለመኪና የሚያስገድድ አጠቃላይ ሕግ ስላልነበረ፣ ብዙ ፍርድ በወረቀት ላይ ቀርቷል። እንግሊዞች ይህን ግዴታ የደነገጉት በ1930 እ.ኤ.አ. ነበር። በእኛ ዘንድ የሦስተኛ ወገን መድን በሁሉም ባለመኪና ላይ የተጣለው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሲሆን፣ ለሞት ካሣ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳትም እስከ 40,000 ብር ወሰነ። ገጭቶ ላመለጠና ላልታወቀ መኪናም የመድን ፈንድ አቋቋመ።

ከዚህ ሁሉ ሕግ አጠገብ ሽማግሌ ዛሬም አልጠፋም። የባለመኪናው ወገን ሽማግሎች ይዞ ይመጣል፤ የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ለቤት ኪራይና ለቀለብ የሚሆን ይጨምራል። ከዚያ የስምምነት ወረቀት ይቀርባል። ወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ቃል ይገኝበታል፤ የሚፈረመውም ሐኪሙ የመጨረሻውን ቃል ከመስጠቱ በፊት ነው። የቤት ኪራይ ደርሶባት፣ ሦስት ወር ሸክላ ሳታቃጥል ለቆየች እናት የዛሬው አምስት ሺህ ብር ከሁለት ዓመት በኋላ ከሚመጣው ሃያ ሺህ ይበልጥባታል። ቁጥሩን ያወቁት ሽማግሎች ሳይሆኑ የባለመኪናው ጠበቃ ነው።