ሰንበትና ርስት

ስለ ቤተ እስራኤል ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው የአውሮፕላኑ ጉዞ ነው። ከዚያ በፊት የማንን መሬት አርሰው፣ ምን ሠርተው ይኖሩ እንደነበር ግን እምብዛም አይጠየቅም።

በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን በጦርነት ድል ካደረጉ በኋላ፣ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ እንዳዘዙ በትውፊት ይነገራል። “ፈላሻ” የሚለው፣ ባለቤቶቹ የሚጠሉት ስም ከዚሁ ከመፍለስ ጋር ይያያዛል። ርስት ያጣ ገበሬ ወይ ጭሰኛ ሆኖ ከምርቱ ለባለርስቱ ያካፍላል፣ ወይ በእጅ ሙያው ያድራል፤ አብዛኛው ሁለቱንም ያዘ። ወንዱ ያርሳል፣ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፤ ሴቲቱ ሸክላ ትሠራለች። በጎንደር ነገሥታት ዘመንም በግንበኝነትና በአናጢነት አገልግለዋል። የሚገርመው፣ ያለ እነርሱ ማረሻ የማያርሰው ጎረቤት ቀጥቃጩን “ቡዳ” እያለ መፍራቱ ነው።

ለመንጻት ሥርዓታቸው ሲሉ መንደሮቻቸውን ውኃ አጠገብ ይመሠርቱ ነበር፤ ከሌላው ጋር ባለመነካካታቸውም ጎረቤት “አትንኩኝ” ይላቸው ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምግቡ ተሰናድቶ እሳቱ ይጠፋል። ቅዳሜ ሞፈር አይነሣም፣ ገበያ አይወጣም። ቅዳሜ ደግሞ የጎንደር ዋነኛ የገበያ ቀን ነበርና ሃይማኖቱ በገንዘብም ዋጋ ያስከፍል ነበር።

ሰንበትን ከእርሻ ጋር ማስታረቅ በሌላ አገርም ፈተና ሆኗል። ሃይማኖተኛ አይሁድ በቤት ሻን ሸለቆ ቲራት ጽቪ የተባለውን የጋራ እርሻ መንደር፣ ኪቡትዝ የሚሉትን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲመሠርቱ ከብቱና ገቢው የሁሉም ነበር። (በ1942 በዚያ ሥፍራ 54 ዲግሪ ሙቀት እንደተለካ ይነገራል፤ የሃያብለ ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል።) ላም ግን ሰንበት አታውቅም፤ ካልታለበች ትታመማለች። ስለዚህ ገበሬዎቹ ከሊቃውንቶቻቸው ጋር ብዙ ተከራከሩ፤ በኋላም የማለቢያ መሣሪያ መፍትሔ ሆናቸው። የእነርሱ ጭንቀት ወተቱ ነበር፤ የጎንደሩ ጭሰኛ ጭንቀት ግን መሬቱ ራሱ ነበር።

ሁለቱን ዓለማት ያገናኙት ወጣቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955ና በ1956፣ 27 የቤተ እስራኤል ልጆች ክፋር ባትያ ወደተባለው ሃይማኖታዊ የወጣቶች መንደር ለትምህርት ተላኩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ተመልሰው በየመንደሩ አስተማሩ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ አንዳንድ ቤተሰቦች ጭሰኝነትን ሸሽተው ወደ ሁመራ ቆላ ወርደው ሰሊጥና ማሽላ ለማልማት ሞከሩ፤ ሙከራው ከአብዮቱ በኋላ በተነሣው ጦርነት ፈረሰ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብም እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ። ቤተ እስራኤል ከብዙ ትውልድ በኋላ በስማቸው የሚያርሱት መሬት አገኙ። ሆኖም አዋጁን የተቃወሙ የቀድሞ ባለርስቶች ቂማቸውን በእነርሱ ላይ ተወጡ፤ ኢዲዩና ደርግ በተዋጉበት አገርም መካከል ላይ ቀሩ። ድርቁ ሲጨመርበት መሬቱ ሊያቆማቸው አልቻለም። አሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና በመጠለያ ካምፖች በሺህ የሚቆጠሩ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ።

እስራኤል ከደረሱት ውስጥ በኪቡትዝ የሰፈሩት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ በከተማ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ዕድሜ ልኩን በሬ ሲጠምድ የኖረው አባት በፋብሪካና በጽዳት ሥራ ተሰማራ። ሰንበት ግን በአዲሱ አገር የሕግ ዕረፍት ቀን ነው።