አንቲባዮቲክ እና ስቴሮይድ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በጭሮ፣ በሒርና ወይም በገለምሶ ከመድኃኒት ቤት ይዘው በወጡት ከረጢት ውስጥ አሞክሳሲሊንና ፕሬድኒሶሎን አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ሁለቱም ኪኒን ይሁኑ እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው።

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ይገድላል ወይም እንዳይራባ ያግዳል። ለትራኮማ በዘመቻ የሚሰጠው አዚትሮማይሲን ከዚህ ወገን ነው። በቫይረስ ለሚመጣ ጉንፋን ግን አይሠራም።

ስቴሮይድ ጀርም አይገድልም። ከኩላሊት በላይ ያሉ እጢዎች የሚያመነጩትን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ሲሆን እብጠትንና የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል፤ ለአስምና ለከባድ አለርጂ ይታዘዛል። (ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰደው ስቴሮይድ ሌላ ዓይነት ነው።) በዚያው ልክ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል።

አሳሳቢው ነገር ስቴሮይድ ቶሎ የሚያሽል መምሰሉ ነው። ትኩሳት ይወርዳል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል፤ ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታዞን የሚወስዱም አሉ። ከሥር ቲቢ ካለ ግን ተሸፍኖ ይባባሳል። ጭርት ላይ የቤታሜታዞን ቅባት ሲቀቡ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል። ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተጠቀሙ ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል፤ ለቀላ ዓይን ሁሉ የጎረቤትን ጠብታ አይዋሱ።

ታዲያ ሁለቱ ለምን አብረው ይታዘዛሉ? በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የቢሲዲሞ ሆስፒታል የሚታወቅበት የሥጋ ደዌ ሕክምና ጥሩ ማሳያ ነው። እንደ ሪፋምፒሲን ያሉት መድኃኒቶች ባክቴሪያውን ለ6 ወይም ለ12 ወር ያጠቃሉ። ነርቭ ካበጠ ደግሞ እጅና እግር እንዳይሰንፍ ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

አወሳሰዳቸውም ይለያያል። አንቲባዮቲክ ተሻለኝ ብለው ከታዘዘልዎት ቀን በፊት አያቋርጡ። ስቴሮይድ ከ3 ሳምንት በላይ ከወሰዱ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ እጢዎቹ ሥራቸውን ስላቀዘቀዙ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የጨጓራ ቁስለት ካለብዎት ከመጀመርዎ በፊት ይናገሩ።

ስቴሮይድ እየወሰዱ ወይም አቁመው ሳለ ብርቱ ድካምና ተደጋጋሚ ትውከት፣ ራስን መሳት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካዩ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ።