«ቢን ቱ» ወይስ «ቢን ኢን»? የሄድንበትን አገር በእንግሊዝኛ ስንናገር

ለቪዛ ወይም ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ሰው ከዚህ በፊት የት የት አገር እንደሄደ ሊጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ቀላል ነው። መልሱን የምታበላሸው ግን አንዲት መስተዋድድ ነች።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ለተናጋሪው ይመቻል። «ዱባይ ሄዳለች» ስንል አሁንም እዚያው ነች ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ሄዳ ታውቃለች ማለታችንም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያቸዋል። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ዱባይ» ከተባለ ሴትየዋ ሄዳለች፣ ገና አልተመለሰችም። «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ዱባይ» ከተባለ ግን ሄዳ ተመልሳለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጦ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ዱባይ» የሚል ሰው፣ እዚህ የለሁም እንደማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው «ቢን ኢን» ነው። «አይ ሃቭ ቢን ኢን ዱባይ ፎር ስሪ ይርስ» ማለት ዱባይ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አሁንም እዚያው ነኝ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሠርቶ አገሩ የገባ ሰው እንዲህ ብሎ ከመለሰ፣ ቃሉ ፎርሙ ላይ ከሞላው የመመለሻ ቀን ጋር ይጋጭበታል። ጠያቂው የሰዋስው ስህተት ነው ብሎ ያልፈው እንደሆነ ማን ያውቃል? ትክክለኛው አነጋገር «አይ ሊቭድ ኢን ዱባይ ፎር ስሪ ይርስ» ነው።

«ነበርኩ» የምትለዋን ቃል ስንተረጉምም እንሳሳታለን። «አይ ዎዝ ቱ ናይሮቢ» አይባልም። «አይ ዎዝ ኢን ናይሮቢ» ወይም «አይ ዌንት ቱ ናይሮቢ» ነው የሚባለው። «ባለፈው ዓመት»፣ «በ2015» ተብሎ ጊዜው ከተጠቀሰም «ሃቭ ቢን» ቦታ የለውም።

መድረስን በተመለከተ፣ «አራይቭ» ከ«ቱ» ጋር አይሄድም። አገርና ከተማ ሲሆን «ኢን»፣ ኤርፖርት፣ ሆቴል ወይም ጣቢያ ሲሆን «አት» ይከተለዋል፤ «አራይቭድ ኢን አዲስ አበባ»፣ «አራይቭድ አት ቦሌ ኤርፖርት» እንደሚባለው። «ቪዚት» ደግሞ ምንም አይፈልግም፤ «አይ ቪዚትድ ላሊበላ» ብሎ ማለፍ ነው።

ደጋግመን የምንሰማው «ጎ ቱ አብሮድ» የሚለውም «ወደ ውጭ» ከሚለው አማርኛችን የተቀዳ ይመስላል። «ጎ አብሮድ» በቂ ነው፤ «ጎ ሆም» እንደሚባለው ሁሉ።